በጆንያ የመጣ ገንዘብ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት የገንዘብን ኃይል ለመግለጽ የተባለ ነው እንጂ፥ ገንዘብ ያለው ሰው ሕግና እውነት አያስፈልጉትም ለማለት አይደለም። በዘመናችን ግን ብዙ ሰው የሚረዳው በዚህ በሁለተኛው ትርጕም ነው። ገንዘቡን በጆንያ አምጥቶ በጠረጴዛ ላይ የዘረገፈ ሰው ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል፤ ውሉ ለወጉ ይጻፋል፥ ምስክሩ ለይስሙላ ይቆማል፥ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ዋጋም ከእውነተኛው ዋጋ ጋር ዝምድና የለውም። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልነቅፈው ያሰብኩት ይህን ልማድ ነው። ነቀፌታውም በሌሎች ላይ ብቻ አይደለም፤ እኔም ከተነቃፊዎቹ አንዱ ነኝና።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በመርሳ ከተማ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በሀብሩ ወረዳ በጊራና ሜዳ በመስኖ የሚመረተውን ሽንኩርትና ቲማቲም እየገዛ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ በመላክ ይተዳደር ነበር። ትጉህና ቁጠባ ዐዋቂ ሰው ነው። ብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ከወልድያ እስከ መርሳ፥ ከመርሳም እስከ ውርጌሳ ሕዝብ የሚያመላልስ ሚኒባስ ሊገዛበት ቈረጠ። ደላላ ሻጭ አገናኘው፤ ዋጋውም በ2,400,000 ብር ተቈረጠ። ያን ጊዜ ወደ ቤቴ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ እማኝ ይሁኑልኝ፤ የተማረ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል» አለኝ። አክብሮቱ ደስ አሰኘኝና አብሬው ሄድኩ።

ገንዘቡ የመጣው በሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። ሁሉም ባለ 200 ብር ኖት ስለ ሆነ ቍጥሩ 12,000 ኖት፥ መቶ መቶ ሆኖ ሲታሰር ደግሞ 120 እስር ነው። አራት ሰዎች ተቀምጠው ከጧቱ አራት ሰዓት ጀምረው ሲቈጥሩ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሁለት ጊዜ ተሳስተው እንደ ገና ቈጠሩ። በበሩ ላይ ልጆች ተሰብስበው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይመለከቱ ነበር። ገዢው ላቡን እየጠረገ ፈገግ ይላል፤ በእርግጥም በዕድሜው እንደዚያን ቀን የታየበትና የተከበረበት ጊዜ አልነበረም። እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ አጠገብ በመቀመጤ ብቻ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ቈጠራው ካለቀ በኋላ ደላላው ወረቀት አወጣና፥ «ዋጋውን 800 ሺህ ብለን እንጻፈው፤ ቀረጡ ለሁላችሁም ይቀልላል፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው» አለ። ቀጥሎም፥ «ስሙን ለማዛወር አትቸኵል፤ ወጪው ብዙ ነው። እርሱ ውክልና ይስጥህና ለጊዜው ሥራበት» ብሎ ገዢውን መከረው። ማንም አልተቃወመም። ሻጩ ፈረመ፥ ገዢው ፈረመ፥ ብዕሩም ወደ እኔ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «እውነት ተናገሩ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፥ በዓይኔ 2,400,000 ብር ሲቈጠር ካየሁ በኋላ፥ 800,000 ብር ሲከፈል አይቻለሁ በሚለው ቃል ሥር ስሜን ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ አለመንቀጥቀጡ ነው።

አራት ወር አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን ሚኒባሱ በመንገድ ላይ ተይዞ ቆመ። ሻጩ ከዚያ በፊት ያልከፈለው ዕዳ ስለ ነበረበት ባለ ገንዘቡ ከሶት ኖሮ፥ ፍርድ ቤት በስሙ ባለው ንብረት ሁሉ ላይ እግድ አውጥቶበታል። ሊብሬው አሁንም የሚናገረው የሻጩን ስም ስለ ሆነ፥ የተማሪዬ መኪና በሕግ ዓይን ገና የሻጩ መኪና ነበር። እርሱም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሽማግሌ ላከ። ሻጩ በሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ አልጮኸም፥ አልማለም፥ አልተገዘተም። አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። «ውሉ ይነበብ» አለ።

ውሉም ተነበበ። 800,000 ብር ይላል። ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩና፥ «አንቱ መምህር፥ እዚያ ነበሩ፤ ዋጋው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ከፍ አድርገው፥ «ታዲያ ይህ ፊርማ የማን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እውነተኛ ብባል ፊርማዬ ሐሰተኛ ያደርገኛል፤ ፊርማዬን ባጸና ደግሞ ተማሪዬን እቀብረዋለሁ። ሽማግሌዎቹ አዝነው ብዙ ከለመኑ በኋላ ሻጩ የተጻፈውን 800,000 ብር በየጊዜው እየከፈለ ሊመልስ ተስማማ። 1,600,000 ብር ግን እንደ ጢስ በነነ። ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ፥ ማለት የብዙ ዓመት ላብ፥ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፥ «ሰውዬው ወንበዴ ነው» ትል ይሆናል። እውነት ነው፥ ወንበዴ ነው። ነገር ግን ቤቱን የከፈተለት ማን ነው? ገዢው ከቀረጥ ጥቂት ብር ለማትረፍ ብሎ በገዛ ገንዘቡ ላይ በጽሑፍ መሰከረ። የመንግሥትን ድርሻ ለመሸሸግ የተቈፈረው ጕድጓድ የራሱን ድርሻ ዋጠው። ወደ ፍርድ ቤት እንኳ ልሂድ ቢል፥ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2005 የሚናገረው የታወቀ ነው፤ በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ያዘው ነገር ሙሉ ማስረጃ ይሆናል። ይኸው ሕግ በቍጥር 2472፥ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር እንኳ በጽሑፍ ወይም በዳኛ ፊት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ እንዲህ የጠበቀው ሰውን ለማስጨነቅ አይደለም፤ የሰው ልጅ ገንዘብ ሲያይ ማስታወስ እንደሚደክመው ስለሚያውቅ ነው። አባቶቻችንም፥ «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው ነገሩን ከሕጉ በፊት ጨርሰውታል።

ይህን ስጽፍ ጥሬ ገንዘብን ራሱን እንደ ኀጢአት የቈጠርኩት እንዳይመስልህ። የቀደሙት ሰዎች ሁሉ የሚከፍሉት በጥሬው ነበር። አያቶቻችን በሬና በቅሎ የሚገዙበት ማርትሬዛ፥ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት ብር፥ አንዱ ከ28 ግራም ትንሽ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ 1,000 ማርትሬዛ የሚከፍል ሰው 28 ኪሎ ያህል ብር በጀርባ ወይም በበቅሎ ማስጫን ነበረበት። እንዲህ ያለ ገንዘብ በስውር የሚከፈል አልነበረም፤ ክብደቱ ራሱ ሰው ይጠራል። ሻጭና ገዢ በገበያ መካከል፥ ዋስ ጠርተው፥ እማኝ አቁመው፥ አንድ በአንድ እያቃጨሉ ይቈጥሩ ነበር። ቈጠራው ራሱ ውል ነበር። የተቈጠረውና የተነገረው አንድ ነበር፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በልጅነቴ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተነገሩን ታሪኮች ሁለቱ በዚህ ነገር ላይ ትዝ ይሉኛል። አንደኛው የአብርሃም ነው። ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበት ስፍራ በፈለገ ጊዜ ባለ መሬቱ ኤፍሮን በነጻ ውሰደው አለው። አብርሃም ግን እምቢ ብሎ፥ በከተማው በር በሚገቡት ሰዎች ሁሉ ፊት፥ በሙሉ ዋጋው 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረም፤ ሰውም እንዳይሰማ አላለም። ስለዚህም ያ መቃብር ለልጅ ልጆቹ ሁሉ ርስት ሆነ። ሁለተኛው የነቢዩ ኤርምያስ ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ፥ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፥ በዓናቶት የነበረ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ብሩን መዘነ፥ ውሉን ጻፈ፥ አተመ፥ ምስክሮች አስፈረመ፤ ከዚያም የውሉ ጽሑፍ ለብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ። ልብ በል! ኤርምያስ በሸክላ ዕቃ የሸሸገው ገንዘቡን አይደለም፥ ጽሑፉን ነው። እኛ ግን ገንዘቡን በእንስራ ቀብረን ጽሑፉን ለነፋስ እንሰጣለን።

ይህ ትምህርት የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በሀብሩ አብረውን የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንደሚያውቁት፥ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፥ በሱረቱል በቀራ ያለው 282ኛው፥ የተሰጠው ስለ ጦርነት ወይም ስለ ነገሥታት አይደለም፤ ዕዳ ሲደረግ እንዲጻፍ፥ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፥ ምስክሮችም እንዲቆሙ ለማዘዝ ነው። እንግዲህ በመርሳ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፥ በመርሳ መስጊድ የሚሰግደውም፥ ያን ቀን በሠራነው ሥራ እኩል ይነቅፈናል።

አሁን ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የሚወዱት ሰዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት በቅንነት እንስማ፤ የተከሳሽን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ አይገባምና። ተማሪዬ ለምን ገንዘቡን በጆንያ እንዳስቀመጠ በጠየቅሁት ጊዜ የሰጠኝ መልስ ቀላል አልነበረም። «ጋሼ፥ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነት ተይዘው በነበሩበት ጊዜ ባንኮቹ ምን ሆኑ? በደብተሬ ላይ ገንዘብ ነበረኝ፤ ልጆቼ ግን ዳቦ አላገኙም። ያተረፈኝ በቤቴ የነበረው ጥቂት ብር ነው» አለኝ። ይህን ማስተባበል አልችልም፤ እኔም በዚያ ወራት የጡረታ ደብተሬን እያየሁ የተራብኩ ሰው ነኝ። እርሱ ይህን ከተናገረ በኋላ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ፥ በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ የለመደው ሁሉ ተቸግሯል። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሰው ለክፉ ቀን ጥቂት ብር በቤቱ ቢያኖር የሚነቅፈው ማን ነው?

ነገር ግን የክፉ ቀን ስንቅና የመኪና ዋጋ አንድ አይደሉም። እንስራም ቢሆን የራሱ ክፉ ቀን አለው። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ዘመን ኖቶች በአዲስ ሲለወጡ እኔ ወጣት ነበርኩ። በሰፈራችን ያረፉ አንዲት አሮጊት ከጊዜ በኋላ ቤታቸው ሲፈርስ ከግድግዳው ውስጥ የአሮጌ ኖት ጥቅል ወጣ፤ ልጆች ተጫወቱበት። እንደ ገና በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው አዲስ ባለ 200 ብር ኖት ሲወጣ፥ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በዚያው ሰሞን ማንም ሰው ከ1,500,000 ብር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከባንክ ውጭ እንዳይዝ ተከለከለ። ስለዚህ ያ የመርሳው ጆንያ ገና ከቤት ሳይወጣ ከሕግ ወጥቶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ የተጎዳው የእንስራው ብር ብቻ አይደለም፥ የባንኩም ብር ተጎድቷል። ሰው ገንዘቡን ወደ መኪና ለመለወጥ የሚጣደፈው በዚህ ምክንያት መሆኑን ዐውቃለሁ። መኪና መግዛቱ ሞኝነት አይደለም። ሞኝነቱ ብርን ከመርከስ ለማዳን ሮጦ በአንዲት የሐሰት ቍጥር ማጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ክርክሩን በሚገባ እንለይ። ጦርነቱ ተማሪዬን በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል አስገድዶት ሊሆን ይችላል። 2,400,000ን 800,000 ብሎ እንዲጽፍ ግን ያስገደደው ጦርነት የለም። ባንክ ቢዘጋም፥ መስመር ቢቋረጥም፥ ቀለምና ወረቀት አልጠፋም። በጆንያ የመጣ ገንዘብም ቢሆን በእውነት ሊጻፍ ይችል ነበር። የጠፋው ባንክ ሳይሆን ድፍረት ነው፤ «ያየሁትን እጽፋለሁ» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ያ ሰው እኔ መሆን ይገባኝ ነበር።

ጉዳቱም በገዢው ብቻ አያበቃም። ቀረጥ ሲሸሸግ የሚጎድለው በሩቅ ያለ የማናውቀው ካዝና ይመስለናል። ሚኒባሱ የሚሄድበትን የወልድያና የመርሳን አስፋልት፥ የልጆቹን ትምህርት ቤት፥ እናቶች የሚወልዱበትን ጤና ጣቢያ ግን ማን ይሠራቸዋል? መንገዱን የሚያማርር ባለ መኪና የመንገዱን ዋጋ ከውሉ ላይ እንደ ፋቀ ይዘነጋዋል። ሁለተኛም፥ በአደባባይ የተቈጠረ ጆንያ የሚያየው ወዳጅ ብቻ አይደለም። ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በክልላችን በተለመደበት በዚህ ዘመን ሀብትን በጠረጴዛ ላይ መዘርጋት፥ «እኔን ውሰዱኝ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፥ በበሩ ላይ የቆሙት ልጆች ነገር ነው። ቈጠራውን አይተዋል፤ የሚጻፈውንም ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ምን ተማሩ? ትልቅ ሰው ማለት ብዙ ገንዘብ የሚቈጥር፥ ጥቂት የሚጽፍ፥ መምህር ማለትም በዚህ ላይ የሚፈርም መሆኑን ተማሩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን በአንድ ፊርማ ፋቅሁት።

እንግዲህ አንተ ወጣት፥ ነገ ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ፥ ከነገ ወዲያ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ትገዛ ይሆናል። ከእኔ ስሕተት የተገኘውን ይህን ምክር ያዝ።

አንደኛ፥ የከፈልከውን ጻፍ፥ የጻፍከውንም ክፈል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፥ ያመንከው ሰው በከፋ ቀን የሚገባበት በር ነው።

ሁለተኛ፥ ባንክ ክፍት ከሆነ ከደብተር ወደ ደብተር አዛውር። የባንክ ወረቀት የማይፈራ፥ የማይረሳ፥ ጉቦም የማይበላ ምስክር ነው። የግድ በጥሬው የምትከፍል ከሆነም በባንኩ ውስጥ፥ በሻጩ ስም አስገባና ደረሰኙን ያዝ።

ሦስተኛ፥ ገንዘቡ ከእጅህ ከመውጣቱ በፊት መኪናው ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ጠይቅ። ጥያቄ የሚያስቈጣው ሻጭ መልሱን ከወዲሁ ሰጥቶሃል።

አራተኛ፥ በውክልና አትታለል። ውክልና ሰጪው ሲሻ የሚሽረው፥ ሲሞትም አብሮት የሚሞት ነገር ነው። ሊብሬው በስምህ እስኪዞር ድረስ መኪናውን ነዳኸው እንጂ አልገዛኸውም።

አምስተኛ፥ ለማንም ቢሆን፥ ለወዳጅ ቢሆን፥ ለወንድም ቢሆን፥ ባላየኸው ወይም ካየኸው በተለየ ቍጥር ላይ እማኝ አትሁን። «የተማረ ሰው ይኑርልኝ» ቢሉህም መማርህ የሚታወቀው እምቢ በማለትህ ነው።

ተማሪዬ ዛሬም ሽንኩርት ይነግዳል። ስንገናኝ እንደ ቀድሞው ጐንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። አለመውቀሱ ግን ከወቀሳ ይበልጥብኛል። ባለፈው ዓመት አንድ የበሬ ሽያጭ ላይ እማኝ ሆኜ ስጠራ ዋጋው በውሉ ላይ ሲቀነስ አየሁና ብዕሩን መለስኩ። ሻጩ አኰረፈ፥ ደላላው ሳቀብኝ፤ ነገር ግን በመጨረሻ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። ሰማይ አልወደቀም፤ በሬውም ተሸጠ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይህ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ንጋቱ እስኪመጣ ድረስ እውነት የምታድርበት ቤት ያስፈልጋታል። ቤቷም ያች ትንሽ ወረቀት ናት። በሸክላ ዕቃ ልታኖር የሚገባህም እርስዋን ነው።